እስከ ሰባት ዓመቱ

ኢምፔሪያል ላይ አንዲት ባልቴት ወደ ታክሲያችን ገቡ። ወንበሩ ሁሉ ተይዞ ስለነበር ጎንበስ ብለው ቆሙ። ከፊት ለፊቴ አንድ ልጅ ብቻውን አንድ ወንበር ይዟል፤ እናቱ አጠገቡ ናት።

«እህት፣ ልጁን እቀፊውና እማማ ይቀመጡ እንጂ!» አለ ከኋላ አንድ ሰውዬ።

«አንተስ ለምን አትነሳም?»

«እኔ ሩቅ ነኝ። አያት ነው የምወርደው።»

«ልጁ ገና አምስት ዓመቱ ነው። ሳይኮሎጂ ስለተማርኩ ነው የምነግርህ፤ ልጅ እስከ ሰባት ዓመቱ ነገርን በሌላ ሰው ዓይን ማየት አይችልም። አሁን ባስነሳው ለምን እንደሆነ አይገባውም፤ ይጎዳል።»

«ምን እያለች ነው?» አሉ ባልቴቷ።

«እማማ፣ የልጅ አእምሮ በደረጃ ነው የሚያድገው። እሱ ገና ሁለተኛው ደረጃ ላይ ነው።»

«ያሳድግልሽ። አንቺስ ስንተኛው ላይ ደረስሽ?»

«እኔማ የመጨረሻውን ጨርሻለሁ።»

ታክሲው ሲያንገጫግጨን ባልቴቷ ጉልበታቸውን ያዝ አደረጉ።

«እማማ፣ ያምዎታል እንዴ?» አለ ልጁ።

«አዎ የኔ ጌታ፣ ጉልበቴን።»

ልጁ ተነስቶ እናቱ ጭን ላይ ወጣ። «እዚህ ይቀመጡ።»

«ይሄ ገብቶት እንዳይመስልዎት» አለች እናትየው ቶሎ ብላ። «በዚህ ዕድሜ ያዩትን ነው የሚኮርጁት።»

«ከማን አይቶ?» አሉ ባልቴቷ ተቀምጠው፣ ሁላችንንም ተራ በተራ እያዩ።

ዓይናቸው እኔ ጋ ሳይደርስ፣ ገና ሲገቡ የጀመርኩትን የውሸት እንቅልፍ ቀጠልኩ።