ማሽኑን ያቆመው «ይቅደሙ»

ክቡራትና ክቡራን፣

ይህን የጡረታ ሽኝት ላሰናዳችሁልኝ ሁሉ፣ ወንበር ለተሸከማችሁትም ጭምር፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ንግግሬ አጭር ነው። ባለቤቴ ከኋላ ተቀምጦ ሰዓቱን ያያል፤ አምናም «ጡረታ ልወጣ ነው» ብዬው ስለነበር አሁንም አላመነኝም።

አምና ጡረታ ሳልወጣ ለምን ቀረሁ? ያለጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናትን ትንፋሽ የሚከታተለው፣ እኛ ሠርተን ሆስፒታል ያስገባነው ማሽን አልፎ አልፎ ድርቅ ይል ስለነበር ነው። ስክሪኑ ባለበት ይቆማል፤ ማንቂያው አይጮህም። የሆስፒታሉ ሲስተር ስትደውል ገና ስልኩን ሳላነሳ ልቤ ስንጥቅ ይላል።

«እትዬ፣ ዛሬም ቆመ። ደግነቱ አጠገቡ ነበርኩ።»

አጠገቡ ባትኖርስ? ይህን ትቼ ቤቴ ልቀመጥ? እንዴት ተደርጎ!

ጥፋቱ ከርነሉ ውስጥ እንደሆነ ገብቶን ነበር። ከርነል ማለት፣ ለሒሳብ ክፍሎች ስል ልንገራችሁ፣ የኮምፒውተሩ እምብርት ነው፤ ለየሥራው ተራ የሚሰጠው እሱ ነው። ግን የቱ ጋ? ፈልገን ፈልገን አጣነው።

አንድ ቀን ስብሰባ ልንገባ ስንል ሥራ አስኪያጃችንና የሒሳብ ሹማችን በር ላይ ተገጣጠሙ።

«ይቅደሙ።»

«ኧረ በሞቴ፣ እርስዎ ይቅደሙ!»

«አይደረግም!»

እኛ ከኋላ ተደርድረን እግራችን ዛለ። ሳቄ መጣ፤ ወዲያው ደግሞ ክው አልኩ። ሁለቱም ጨዋ፣ ሁለቱም ጥፋት የለባቸው፤ በሩ ግን ተዘግቷል! ስብሰባውን ትቼ ወደ ኮምፒውተሬ ሮጥኩ።

እውነትም ትንፋሹን የሚለካው ፕሮግራምና ስክሪን ላይ የሚያሳየው ፕሮግራም ሲገጣጠሙ፣ አንዱ ሌላውን እየጠበቀ ደርቀው ይቀራሉ። ማንቂያው ምስኪን ከኋላቸው ተሰልፏል። «ምንጊዜም ትንፋሹ ይቅደም» የሚል አንዲት መስመር ጨመርኩ። በቃ!

የሰው ሥራ አመስግኖ የማያውቀው የማሽን ፈታሻችን፣ «ጠርጣራው» የምንለው፣ ማሽኑን ሲያሠቃየው ከርሞ «እንግዲህ እንጃ፣ አልቆመም» አለኝ። ከእሱ አፍ ይህ ሽልማት ነው።

ባለፈው ሳምንት ሲስተር ደወለች።

«ምነው? ቆመ እንዴ?»

«ኧረ እትዬ፣ እንኳን ሊቆም! ዝም ብዬ ነው የደወልኩት። ዛሬ ምሳዬን ቁጭ ብዬ በላሁ።»

እፎይ! ስልኩን ዘግቼ አለቀስኩ። ደስ ብሎኝ ነው።

የያዛችሁት ሁሉ ይቃናላችሁ። ስልካችሁ ለደግ ወሬ ብቻ ይጩህ። እናንተም ምሳችሁን ቁጭ ብላችሁ ብሉ። ሥራ አስኪያጃችን ሊሸኙኝ ወደ በሩ ሲሄዱ አያለሁ፤ ጌታዬ፣ እባክዎ አንከራከር። ዛሬ እኔ እቀድማለሁ።