ቁራው የጣለው ሥጋ

ባለፈው ሁዳዴ ነው። ለቡ፣ ከቤታችን አጠገብ ያለው ባዶ ቦታ ሣር ውስጥ ቆቅ እንቁላሏን ታቅፋ ነበር። ጎረቤታችን ጋሽ ታደሰ ሸለምጥማጥ እንዳይጨርሳት ብለው፣ በጾም ከየት እንዳገኙት እንጃ፣ ሥጋ ላይ መርዝ አድርገው አስቀመጡ። "ውሾቻችሁን እሰሩ" እያሉ በየበሩ ዞሩ። እኔም ቡቺን ግቢ ውስጥ አሰርኩት። ስለ ቁራ ማንም አላሰበም።

በማግስቱ ልብስ ሳሰጣ ትንሿ ልጄ መጥታ፣ "እማዬ፣ ቁራ ሥጋ ጣለልን" አለችኝ። የምን ሥጋ እንደሆነ ወዲያው ገባኝ። አፏን ከፍቼ አየሁ፣ ጣቶቿን አሸተትኩ። "ቀመስሽው?" አልኳት፤ ድምፄ የወጣ ስላልመሰለኝ ደግሜ ጠየቅኳት።

"ጾም አይደል እንዴ?" አለች ተቆጥታ። "ለቡቺ ሰጠሁት።"

ከቤቱ ጀርባ ሰንሰለቱ ይንቀጫቀጭ ጀመር።