ቀዩ ወገን

በእኛ ጊዜ፣ ልጄ ሰናይት፣ ሰው ስለ እንጨት ተናግሮ ይታሰር ነበር። ምነው አፈጠጥሽብኝ? እውነቴን ነው።

በደርግ ጊዜ እዚሁ ባሕር ዳር፣ ሐይቁ አጠገብ፣ የመንግሥት እንጨት መሰንጠቂያ ውስጥ ጣውላ ደርዳሪ ነበርሁ። መጋዙን የሚይዙት ጋሽ እንድሪስ ይባላሉ፣ የወረታ ሰው ናቸው፣ ጨዋ፣ ነገር የማያበዙ። ታዲያ እሳቸው ዘንድ "ጥሩ እንጨት" ብሎ ነገር የለም። "የቱ በኩል?" ይሉሻል። "ከመሐሉ ነው? ከዳሩ ነው? ከጫፉ ነው?"

አንድ ቀን ያቺን ሰዓት ሠሪ ዓይኑ ላይ የሚሰካትን መነጽር ሰጡኝና "እስቲ እዪ" አሉኝ። አየሁ። ጥድ እኮ ቱቦ ነው ልጄ! ሸምበቆ ቆርጠሽ አይተሽ የለ? እንደሱ፣ ግን ከፀጉር የቀጠነ ቱቦ። "ይኸ መሐሉ ዛፉ ልጅ ሳለ የሠራው ነው፤ ቱቦው አጭር፣ ግድግዳው ስስ፣ ሲደርቅ ይጣመማል። ይኸ ወደ ልጡ ያለው ካደገ ወዲያ የሠራው ነው፤ ይኸን ሸክም ስጪው" አሉ። እና "ጫፉስ?" አልሁ። "ጫፉማ ዛፉ ቢያረጅም ልጅ ነው" አሉና ፈገግ አሉ።

ከዚያ ወደ ሐይቁ ካዘመመ የፈረንጅ ጥድ የወጣ ቁራጭ አሳዩኝ። ባዘመመበት ከታች በኩል ቀይ ነው፣ ከባድ፣ ሲያዩት ደስ የሚል። በመነጽሩ ሳየው ግን ቱቦዎቹ ወፋፍራም ሆነው ክብ ክብ ናቸው፣ እርስ በርስ አልገጠሙም፣ በመሐላቸው ክፍተት አለ። "ይኸ ነው ሰው የሚያታልል" አሉኝ።

ታዲያ የቀበሌው አዳራሽ ሊሠራ ሆነና ሊቀመንበሩ ሽጉጡን ታጥቆ መጣ። ጣውላውን እየረገጠ ዞረ፣ ዞረና ከዚያው ካዘመመው ጥድ የተሰነጠቀውን ወፍራም አግዳሚ አየ። "ይኸ! ይኸ ቀዩ! ጣሪያችንን የሚሸከመው ቀዩ ይሁን!" አለ። አጨበጨብን፣ ምን እናድርግ። ጋሽ እንድሪስ ግን ቆባቸውን አስተካከሉና "ጓድ ሊቀመንበር፣ ቀዩን ወገን አይመኑት። ላየው ሰው ጠንካራ ይመስላል፤ ሸክም ሲበዛበት ግን ሳያስጠነቅቅ ቀጭ ይላል" አሉ።

ስለ እንጨቱ እኮ ነው! ሰውየውም ራሱን እየነቀነቀ ሊያልፈው ነበር። እኔ ሳቅሁ። አመለጠኝ። ቀዩ ወገን ሲሉ ያኛው ቀይ፣ የአብዮቱ ቀይ፣ ትዝ አለኝና ኪኪኪ አልሁ፣ አፌን ቆርጦ ይጣለውና! ሊቀመንበሩ እኔን አየ፣ እሳቸውን አየ፣ እና "አሃ" አለ። "የቱን ቀይ ነው የማናምነው፣ ጓድ እንድሪስ?"

በማግስቱ ወሰዷቸው።

እኔም መነጽሩንና ቁራጩን ይዤ ቀበሌ ሄድሁ። "ጓድ፣ ስለ እንጨት ነው ያሉት፣ እባክዎ ይዩት" አልሁት። ዓይኑ ላይ አድርጎ አገላበጠውና "ቀይ ነው። ሌላ ምንም የለበትም" ብሎ መለሰልኝ።

አግዳሚው ወጣ፣ ጣሪያው ተመታ፣ ክረምት ገባ። አንድ ማለዳ በዚያ ዶፍ፣ ደግነቱ ሰው አልነበረበትም፣ አግዳሚው ቀጭ ብሎ ጣሪያው ወረደ። እኔ ታዲያ እልል ልል ምንም አልቀረኝ! አሁንስ ይፈቷቸዋል ብዬ በዝናቡ ሮጥሁ። "ያሉት ደረሰ ጓድ! ይሰበራል ብለው ነበር እኮ! ስለ እንጨት ነበር!" አልሁት እያለከለክሁ።

ቀስ ብሎ ወረቀት አወጣ። "እንግዲህ ራስሽ መሰከርሽ" አለኝ። "እንደሚሰበር ያውቅ ነበር። የሰነጠቀውስ ማነው? እሱ። ይኸ አሻጥር ነው።" ጻፈውና ጣቴን ይዞ አስፈረመኝ። እኔም ፈረምሁ፣ ፈራሁ ልጄ፣ ፈረምሁ። ከዚያ ወዲያ ጋሽ እንድሪስን አየሁ ያለ ሰው የለም። ባለቤታቸው ከወረታ እየተመላለሱ "ምን ተናግሮ ነው?" ብለው ሲጠይቁኝ "ስለ እንጨት" እላቸው ነበር፤ ሌላውን ዋጥሁት።

"እማማ፣ እርስዎ እኮ ያኔ ልጅ ነበሩ፤ ምን ያውቃሉ?" አለች ሰናይት።

"ልጅስ አልነበርሁም" አሉ። "ሠላሳ ሁለት ዓመቴ ነበር።"