ጭስ የሌለው ሰርግ

ደሴ፣ ከሰርግ ድንኳን ጓሮ፤ ሙሽራይቱን ረምላን ያሳደገችው አክስት ወይዘሮ ሰዓዳና ከድሬዳዋ የመጣው የሙሽራው አጎት አብዶሽ፣ ፍየሎች ፍም ላይ ተቀብረው አፉ በጭቃ በተመረገ ጉድጓድ ዙሪያ ተፋጠዋል።

ሰዓዳ፦ ይክፈቱት አልኩ! ሰው እኮ እጁን ታጥቦ ተቀምጧል።

አብዶሽ፦ አቦ ተረጋጊ! አሁን ከተከፈተ እንፋሎቱ ያመልጥና ጫማ ነው የምታኝኩት።

ሰዓዳ፦ «ተረጋጊ»? አንቱ ማለት አያውቁም?

አብዶሽ፦ ድሬ አንቱ የለም። እናቴንም አንቺ ነው የምላት።

ሰዓዳ፦ ጥብስም የላችሁም መሰለኝ። እኛ ጋ ሥጋው ተዘልዝሎ ከሰል ላይ ሲንጫጫ፣ ሽታው አላፊ አግዳሚውን ይጠራል። ይኼ ምንድን ነው? ጭስ የለው፣ ሽታ የለው። በሰርግ ቀን ቀብር!

አብዶሽ፦ የከሰሉ ውጪው አርሮ ውስጡ ጥሬ ነው። የኛ ከአጥንቱ ራሱ ይላቀቃል፤ ጥርስ የሌለው ሽማግሌ እንኳ ይበላዋል።

ሰዓዳ፦ የደሴ ሽማግሌ ጥርስ አለው!

አብዶሽ፦ ሃ ሃ! እሺ አለው።

ሰዓዳ፦ አይሳቁ! ጎረቤት «ሰዓዳ ቤት እሳትም አልነደደ» እያለ ነው። ጠዋት ደግሞ አዋዜዬ ከነማሰሮው ጠፋ። ቆይ፣ አካፋው የታል? ይኸው፣ ራሴ እከፍተዋለሁ!

አብዶሽ፦ ልቀቂው! ምን ሆነሻል? ነገሩ የሥጋ ብቻ አይመስለኝም።

ሰዓዳ፦ አይደለማ! እህቴ ስትሞት ረምላ ጡት አልጣለችም ነበር። ሰርጓን በእጄ ሠርቼ ላበላ ስመኝ ኖርኩ። እናንተ መጣችሁና «ሥጋው የኛ ነው» ብላችሁ ሽማግሌዎቹን አግባባችሁ። ልጄንም ድግሴንም ወሰዳችሁ። ነገ ድሬ ገብታ የእጄን ጣዕም ትረሳዋለች። እሱ ነው አንጀቴን የሚያሳርረው።

አብዶሽ፦ አዋዜሽ አልጠፋም።

ሰዓዳ፦ የት አለ?

አብዶሽ፦ እዚሁ፣ ከጭቃው ሥር። ገና ሳይነጋ ረምላ ማሰሮውን አቅፋ መጣች። እኛ ከጨውና ከትንሽ ቅመም ሌላ አናስነካም ብላት፣ ሞቼ እገኛለሁ አለች። «የአክስቴ እጅ የሌለበት ሥጋ በሰርጌ አይቀርብም» ብላ ፍየሎቹን አንድ በአንድ ራሷ ቀባቻቸው። ሙያውን ያስተማረኝ አባቴ ይህን ቢያይ ኖሮ ያለቅስ ነበር። በይ እንግዲህ፣ አካፋው ያው እጅሽ ላይ ነው። ክፈቺው።

ሰዓዳ፦ ዝም በል አንተ! በዚህ በኩል እንፋሎት እያመለጠ ነው፤ ጭቃ አቀብለኝ።