የፋብሪካው ወተት

ከሳሪስ ወደ ቱሉ ዲምቱ በሚሄደው ሚኒባስ ከፊቴ የተቀመጡት ሽማግሌ፣ አጠገባቸው ላለችው የማያውቋት ወጣት «ልጄ፣ ቃሊቲ ስንደርስ አስታውሺኝ። አሁን አሁን እረሳለሁ» አሏት።

«እሺ አባባ። ምነው፣ ያምዎታል?»

«ባትሪ ፋብሪካ ስሠራ ነው ያረጀሁት። አንቺስ ምን ትሠሪያለሽ?»

«ዩኒቨርሲቲ፣ ላብራቶሪ ውስጥ ነኝ። ያንኑ ባትሪና ቀለም ውስጥ ያለውን መርዝ፣ እርሳስ የሚባለውን ማዕድን፣ አይጦች ላይ እናጠናለን።»

«እኛማ በየቀኑ ወተት ይሰጡን ነበር፤ መርዝ ያጥባል እያሉ።»

«ወተት ጥሩ ምግብ ነው፤ መርዙን ግን አያጥበውም። ዝገት ብረት እንደሚበላ መርዙም አንጎልን ይበላል።»

«ታዲያ መላ የለውም?»

«ለአንዳንዶቹ አይጦች ከመርዙ ጋር የሽፈራው ቅጠል ጭማቂ ሰጠናቸው። እነሱ ወደ ምግባቸው የሚወስደውን መንገድ አልረሱም።»

«ተባረኪ! ከዛሬ ጀምሬ እጠጣለሁ።»

«ይከላከላል እንጂ የተጎዳውን ይመልሳል አላልኩም። ሰው ላይም ገና አላየነውም።»



«ለእኔ ባይሆን ለልጄ ይደርሳል። እሷም እዚያው ፋብሪካ ገብታለች።»

«እስከዚያው ማስኳን እንዳታወልቅ። እጇን ሳትታጠብም ምንም እንዳትበላ።»

«ዛሬውኑ እነግራታለሁ። ወራጅ አለ!»

«ውይ አባባ፣ እኔ ረስቼው!»

«እኔ አልረሳሁትም» አሉና እየሳቁ ወረዱ።

እኔም ቀለም ፋብሪካ ለሚሠራው ባለቤቴ የገዛሁትን ወተት እንዳቀፍኩ፣ ከልጅቷ ጎን ወደ ተለቀቀው ወንበር ተዛወርኩ።