ወንዝ የበላው ካላሪ

የጨው ማፍያ መሬትን ካላሪ በሚሉበት በሂጅሊ የባሕር ዳርቻ አሥራ አንድ ዓመት ሳስተምር እንደ ሎክናት ጃና ያሉ ግትር ሽማግሌ አላጋጠሙኝም። አንድ ቀን ጀልባ ስጠብቅ መጥረቢያ እየሳሉ ከወንድማቸው ልጅ ከሸሺ ጋር ሲከራከሩ አገኘኋቸው። ሸሺን የመሬት ልኬት ያስተማርኩት እኔ ነኝ።

“መምህር፣ እስቲ ይፍረዱን!” አለኝ። “አጎቴ ነገ ልጃቸውን ኖቢንን ለማገዶ ጫካ ሊልኩት ነው። ታላቅ ወንድሙን ነብር የበላበት ጫካ!”

“ታዲያ ጨዉ በምን ይፍላ? በአንተ ትምህርት?” አሉ ሽማግሌው።

“ካላሪያችን ይለካ እንጂ! የጨው አፈሩ ስላነሰ አጥበነው የምናፈላው ውሃ ጨው አልይዝ ብሎናል፤ ለዚህ ነው ማገዶ የሚፈጀው።”

“ካላሪ ደግሞ ይለካል እንዴ? አባቴ አንድ ካላሪ አወረሰኝ፣ አንድ ካላሪ ብዬ አስመዘገብኩ። የመለኪያ ገመድ ያረፈበት መሬት በረከቱ ይነሳል።”

“በረከቱንማ ወንዙ ወሰደው። የጨው ሹሙ ደብተር ግን ዛሬም ሙሉ ካላሪ ብሎ የሙሉ ካላሪ ጨው ይጠይቀናል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም።”

“ሞኙ እኔ ነኝ?”

“ኧረ እኔ ወረቀቱን ነው ያልኩት፣ አጎቴ!”

እኔም ዝም ማለት አቃተኝ፤ ሰው ልጁን ለልማድ ሲገብር ማየት ያንገበግበኛል። “ሎክናት፣ ባለይዞታው ካልጠየቀ ሹሙ አይለካም። ከተለካ ግን ደብተሩ ይታረማል፣ የሚጠየቁት ጨውም ይቀንሳል። ያን ለማፍላት የደጃችሁ ሸምበቆ ይበቃል። ኖቢን ጫካ ምን ያደርጋል?” አልኳቸው።

መጥረቢያውን አስቀመጡ። “እሺ ይለካ። ከዋሻችሁኝ ግን ወዮላችሁ!” አሉ።

በማግስቱ ሹሙ ባለበት ተለካ። ሸሺ ገመዱን ይዞ የአያቱን የድንበር ችካል ሲፈልግ ውሃው ደረቱ ድረስ ደረሰ። ከካላሪው ከግማሽ በላዩ ወንዝ ውስጥ ነበር።

“ትልቁ ልጄ ሲሞትስ ወንዙ እዚህ ደርሶ ነበር?” ብለው ጠየቁኝ ሽማግሌው።

“ደርሶ ነበር” አልኩ። ምነው ባልጠየቁኝ!

ደብተሩ ታረመ፤ ኖቢንም ጫካ አልሄደም። ዓመት ሳይሞላ የመንደሩ ሰው ሁሉ አስለካ፤ ለሌለ መሬት ጨው ማፍላት ቀረ። ማስለካት ይህን ያህል ይጠቅማል፤ አንባቢም ከአባቱ የወረሰውን ሁሉ አንድ ጊዜ ቢለካ አይጎዳም።

ጎረቤቶቹ ተሰብስበው ሽማግሌውን ሊያመሰግኑ ቢሄዱ ግን በራቸው ላይ ቆመው መለሷቸው።

“እኔን አታመስግኑ” አሏቸው። “ሸሺ ከሦስት ዓመት በፊት እንለካ ብሎኝ ነበር። በጥፊ አልኩት። ትልቁ ልጄ ያኔ በሕይወት ነበር።”