ያልተመዘገበው ሰባት ደቂቃ

ሥራችሁን ትታችሁ፣ ከቅርብም ከሩቅም መጥታችሁ ዛሬ ከእኛ ጋር የቆማችሁ ወዳጅ ዘመዶች፣ የሰፈር ሰዎች፣ የአውቶቡስ መናኸሪያ ሠራተኞችና የምክር ቤት አባላት፤ የሟቿን የሕይወት ታሪክ እንዳነብላችሁ ቤተሰቡ ያዘዘኝ እኔ የአባታቸው ታላቅ ወንድም ነኝ። ሃያ ስድስት ዓመት የዚህ ከተማ ምክር ቤት ጸሐፊ ሆኜ የሰው ንግግር ስጽፍ ኖሬአለሁ፤ የወንድሜን ልጅ ታሪክ ግን በሦስት ወረቀት መጨረስ አቅቶኝ ትናንት ሙሉ ቀን ስጽፍና ስቀድ ዋልኩ። በልጅነታቸው ከመቁረጫ ጠረጴዛ ሥር በጆሮአቸው ጎትቼ ያወጣኋቸውን ልጅ ዛሬ አንቱ ማለቴ ለአንዳንዶቻችሁ እንግዳ ሊሆን ይችላል፤ እኔም ገና አልለመድኩትም። ነገር ግን በሕይወት ሳሉ የነፈግኋቸው ነገር አለና ዛሬ በክብራቸው ልሰስት አልችልም።

ሟቿ የዛሬ ሃያ ዘጠኝ ዓመት ከልብስ ሰፊው አባታቸውና በሆስፒታል የልብስ እጥበት ክፍል ይሠሩ ከነበሩት እናታቸው፣ ለቤቱ ሁለተኛ ልጅ ሆነው ተወለዱ። ቤታቸው ከፊት ስፌት ቤት፣ ከኋላ መኝታ የሆነ አንድ ተኩል ክፍል ስለነበር ያደጉት በጨርቅ ቁርጥራጭና በስፌት መኪና ድምፅ መካከል ነው። ገና በአራት ዓመታቸው ለልክ የቆመችውን ደንበኛ ሜትር አንጠልጥለው እየዞሩ፣ ይህ ቀሚስ ለማን ነው፣ የት ይለበሳል፣ ለምን አንቺ ራስሽ አልመረጥሽውም እያሉ መውጫ መግቢያ ያሳጧት ነበር። አንድ ቦታ መቀመጥ የማይሆንላቸው ቅብጥብጥ ከመሆናቸውም በላይ በጥያቄ መውጋት ስለሚወዱ አባታቸው መርፌ አሏቸው፤ ስሙም ከቤት ወጥቶ ሰፈሩን፣ ከሰፈር ወጥቶ ከተማውን አዳረሰ። እናታቸው ብቻ ይህን ስም አልወደዱትም፤ መርፌ በቀላሉ ይጠፋል ይሉ ነበር።

የአንደኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በሰፈራችን ትምህርት ቤት በተከታተሉበት ጊዜ ውጤታቸው መልካም ሆኖ ሳለ፣ በየዓመቱ የሪፖርት ካርዳቸው ላይ ከመቀመጫዋ ትነሳለች የሚል ማሳሰቢያ ይጻፍ ነበር። ያን ማሳሰቢያ ሦስት ዓመት በተከታታይ የጻፉት የሒሳብ አስተማሪያቸው ዛሬ የምክር ቤታችን ሰብሳቢ ሆነው እዚህ ከፊት ቆመዋል። አባታቸው ተጠርተው ሲሄዱ፣ ይቺ ልጅ ስፌት ቤት ስላደገች ወንበር የደንበኛ ይመስላታል ብለው አስተማሪውን አስቀዋቸው ተመለሱ፤ ልጅቷም ከመነሳት አልተመለሱም።

አሥራ ስድስት ዓመት በሞላቸው ጊዜ ታናሽ ወንድማቸው ትኩሳት ያዘውና እናታቸው ሥራ ላይ ስለነበሩ፣ እሳቸው አዝለውት ወደ ሰፈሩ ጤና ጣቢያ ቢሮጡ ከቀትር በኋላ ተዘግቶ አገኙት። ጥበቃው የምክር ቤት ውሳኔ ነው አላቸው። በማግስቱ በትምህርት ቤት ዩኒፎርማቸው ቢሮዬ ገብተው፣ ጋሼ፣ ይህን የወሰነው ማን ነው ሲሉ ጠየቁኝ። እኔም ከፊቴ ዘወር እንዲሉልኝ ብዬ፣ ቃለ ጉባኤው ቁም ሳጥን ውስጥ ነው፣ ለማንኛውም ነዋሪ ክፍት ነው አልኳቸው። በእርግጥም ክፍት ነበር፤ እኔ በዚያ ቢሮ በተቀመጥኩባቸው አሥራ ሦስት ዓመታት ግን ልየው ያለ አንድ ነዋሪ አልመጣም። እሳቸው መጡ፣ ወንበር ሳብኩላቸው፣ አልተቀመጡም፤ ከቁም ሳጥኑ አጠገብ ቆመው ሁለት ሰዓት ሙሉ አነበቡና፣ ጤና ጣቢያው ከቀትር በኋላ የተዘጋው ለሦስት ወር ሙከራ ብቻ መሆኑን፣ ያም ሦስት ወር ካለፈ ሁለት ዓመት እንደሆነው አገኙ። የጻፍኩት እኔ ነበርኩ፤ የረሳሁትም እኔው።

ውሳኔውን በደብተራቸው ገልብጠው ቅዳሜ ጠዋት ዋናው አውቶቡስ ፌርማታ ላይ ቆመው ጮክ ብለው አነበቡት። የመጀመሪያው ቀን ሰዉ የሚሸጡት ነገር ያለ መስሎት ፊቱን አዞረ። በሁለተኛው ቅዳሜ አንድ ጡረተኛ የሰፈራቸውን ጤና ጣቢያ ስም ሰምተው ሁለት አውቶቡስ አሳለፉ፤ በአራተኛው ቅዳሜ ፌርማታው ላይ ከተሳፋሪ ይልቅ አድማጭ በዛ። ሰዎቹ ከዚያው ተሰብስበው ወደ ምክር ቤት መጡና ጤና ጣቢያው በወሩ ከቀትር በኋላም ተከፈተ። እሳቸው ግን ማንበቡን አላቆሙም፤ በየሁለት ሳምንቱ የእኔን ደረቅ ቃለ ጉባኤ፣ ተሰብሳቢዎቹ በጉዳዩ ላይ በሰፊው ከተወያዩ በኋላ የሚለውን ሐረግ ሁሉ ሳይቀንሱ ያነቡታል፣ ከዚያም ቀና ብለው፣ በሰፊው ተወያዩ ይላል፣ ምን እንዳሉ ግን ጋሼ አልነገረንም ይላሉ። ሰዉ ይስቃል። እኔ በዚያ ፌርማታ ማለፍ ትቼ በጓሮ መንገድ መሄድ ጀመርኩ።

እውነቱን ለመናገር ሟቿ እንከን አልነበረባቸውም ብዬ ብጽፍ መጀመሪያ የሚቆጡት እሳቸው ናቸው። ችኩል ነበሩ። አንድ ጊዜ ስም ተሳስተው፣ ጤና ጣቢያው እንዲዘጋ እጃቸውን ካወጡት አንዱ ዳቦ ጋጋሪው ናቸው ብለው አነበቡ፤ ሰውየው የምክር ቤት አባል ቢሆኑም በዚያ ጉባኤ ላይ እንኳ አልነበሩም። ዳቦ ቤቱ ሳምንቱን ሙሉ ደንበኛ ራቀው። ሟቿ ስሕተታቸውን ባወቁ ጊዜ ዳቦ ቤት ሄደው ይቅርታ ከመጠየቃቸውም ሌላ፣ ሦስት ቅዳሜ በተከታታይ በዚያው ፌርማታ ላይ ቆመው እርማቱን አነበቡ። እኔ አንዴ ይበቃል ብላቸው፣ ጋሼ፣ ስሕተቱን የሰማው ሰው ሁሉ እርማቱን እስኪሰማ ድረስ ስሕተቱ እየሠራ ነው አሉኝ። ያን ጊዜ ልጅነት ነው ብዬ አለፍኩት።

ከቴክኒክ ትምህርት ቤት ተመርቀው በአውቶቡስ መናኸሪያው የስምሪት ክፍል በተቀጠሩበት ዓመት፣ ምክር ቤቱ የፌርማታውን ንባብ ለማብረድ ይመስለኛል፣ ለወጣት ታዛቢዎች አምስት መቀመጫ ፈቀደ። መቀመጫው በበሩ በኩል ግድግዳውን ተጠግቶ የቆመ፣ አንድ እግሩ የሚነቃነቅ አግዳሚ ነበር፤ በላዩም የሚቀመጡት መናገር ይችላሉ፣ እጃቸው ግን አይቆጠርም። ሟቿ ስድስት ዓመት ያንን አግዳሚ ቆመው ነው የጨረሱት። ሰብሳቢው ይቀመጡ ባሏቸው ቁጥር፣ እጄ ሲቆጠር እቀመጣለሁ ይሉ ነበር።

ትዳራቸውንም ያገኙት በንባባቸው ነው። የዛሬው ባለቤታቸው ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ሲሆኑ፣ የፌርማታውን አምፖል ሊቀይሩ መሰላል ላይ እንደወጡ ንባቡ ተጀምሮ፣ ሰዉን አቋርጬ አልወርድም ብለው እስኪያልቅ እላይ ቀሩ። በሚቀጥለው ንባብ ቀን ያ አምፖል ያለ ምንም ብልሽት እንደገና ተቀየረ፤ በሦስተኛው ንባብ ሟቿ ራሳቸው፣ አሁንስ ውረድና ቤታችን በበሩ ና አሏቸው። በሃያ አራት ዓመታቸው ተጋብተው፣ በሰላምም በጭቅጭቅም ኖረው፣ ዛሬ ሦስት ዓመት የሞላትን ሴት ልጃቸውን ወለዱ።

በሃያ አምስት ዓመታቸው ተወዳድረው የምክር ቤት አባል ሆኑ፤ እጃቸውም መቆጠር ጀመረ። የመናኸሪያው ሠራተኞች ምስክሬ ናቸው፣ የቴክኒክ ተማሪዎቹ የማታ አውቶቡስ፣ የሕፃናት ማቆያው፣ የተዘጋው የኳስ ሜዳ በር፣ እነዚህ ሁሉ በእሳቸው ውትወታ የመጡ ናቸው። በሌሎች ስድስት ፌርማታዎችም ቃለ ጉባኤ የሚያነቡ ወጣቶችን አሠለጠኑ። እኛ ግን እረፍት አልነበረንም። ሲደውሉልኝ ገና ሳይጠይቁኝ የቃለ ጉባኤውን ቁም ሳጥን እከፍት ነበር፤ አባታቸውም፣ ይቺ ልጅ መቼ ነው እፎይ የምትለው ሲሉ፣ እናታቸው ልብስ ያጣጥፉ ነበር።

ባለፈው ዓመት የኩላሊት ሕመም እንዳለባቸው ታወቀ። ለብዙዎቻችሁ አልነገሩም። በሳምንት ሁለት ቀን እጥበት እየሄዱ፣ እናቴ አንሶላ ባጠበችበት ሆስፒታል እኔ ደሜን አሳጥባለሁ እያሉ ይቀልዱብን ነበር፤ እኛም እየሳቅን ወደ ጓዳ ገብተን እናለቅስ ነበር።

የዛሬ ሁለት ሳምንት በተደረገው ጉባኤ ሟቿ እግራቸው አብጦ፣ ጠረጴዛውን ተደግፈው ቆመው ለሰባት ደቂቃ ተናገሩ። ከንግግሩ በኋላ ሰብሳቢው ወደ እኔ ዘንበል ብለው ያሳጥሩት አሉኝ፤ እኔም ልዩ ልዩ አስተያየቶች ቀርበው ጉባኤው ተጠናቀቀ ብዬ አሳጠርኩት። ፈርቼ አይደለም። የሚያስፈራኝም አልነበረም። ለምዶብኝ ነው፣ የምሳ ሰዓትም ደርሶ ነበር። በደንባችን መሠረት በቃለ ጉባኤ ያልሰፈረ ሐሳብ ለሚቀጥለው ጉባኤ በአጀንዳ አይያዝም፤ ይህን ከማንም በላይ የማውቀው እኔ ነኝ።

በዚያው ሳምንት ሆስፒታል ተኙ። ቃለ ጉባኤው እንደማንኛውም አባል አልጋቸው ድረስ ደረሳቸውና በጠየቅኋቸው ቀን ወረቀቱን ደረታቸው ላይ ይዘው፣ ጋሼ፣ ሰባት ደቂቃዬ የት ገባ አሉኝ። አስተካክለዋለሁ አልኳቸው። በሁለተኛው ቀን ሰብሳቢው ጉዞ ላይ ናቸው አልኳቸው። በሦስተኛው ቀን ድምፃቸው ደክሞ፣ ተነበበ ወይ ሲሉኝ ተነበበ አልኳቸው። ዋሸኋቸው። ፊታቸው በራ፤ ከዚያም እንደ ልማዳቸው፣ ማን ማን ነበሩ ሲሉ ጠየቁኝ። ነርሷ መድኃኒት ይዘው ገቡና ከክፍሉ ወጣሁ፤ ከዚያ ሁለት ቀን ቆይቶ ሕይወታቸው አለፈ።

የደንባችን አንቀጽ አሥራ ዘጠኝ፣ በቃለ ጉባኤ ላይ የተፈጠረ ግድፈት ከአባላቱ ከግማሽ በላይ በተገኙበት በጸሐፊው በንባብ ሲሰማ ተስተካክሏል ይላል። የት እንደሚነበብ አይልም። ይህን አንቀጽ ፊደል በፊደል እንዳነብ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። አባላቱ ሃያ አንድ ናቸው፤ ከገባችሁ ጀምሮ ስቆጥር ነበር፣ አሥራ ሁለት ሆናችኋል። ሰብሳቢውን አላስፈቀድኩም፤ እዚህ አይሆንም የሚል አባል ካለ እጁን ያውጣ፣ ጥቂት እጠብቃለሁ።

የወጣ እጅ አላየሁም። ከማስታወሻ ደብተሬ እንደሚከተለው አነባለሁ።

የልብስ ሰፊው ልጅ የሆኑት አባል እንዲህ ብለዋል። በበሩ በኩል አምስት ልጆች ተቀምጠዋል። በእኔ ጊዜ በዚያ አግዳሚ በስድስት ዓመት ውስጥ በአርባ ጉዳይ ተናገርን፣ አርባውንም ጊዜ እጅ ሲቆጠር ግድግዳ ሆንን። ዛሬ በምንወስንለት ትምህርት ቤት ውስጥ የሚማሩት እነሱ ናቸው፤ ከእኛ ውሳኔ ጋር ከሁላችን ይልቅ ረጅም ጊዜ የሚኖሩት እነሱ ናቸው። ከአምስቱ ሁለቱ እጃቸው ይቆጠር ነው የምለው። ለእኔ አይደለም፣ የእኔ ተቆጥሯል። አስተማሪዬ ከመቀመጫዋ ትነሳለች ብለው ጽፈውብኝ ነበር፤ ልክ ናቸው፣ እግሬም ታሟል፣ መቀመጥ እፈልጋለሁ። ግን እነሱ ቆመው እኔ ብቀመጥ አይመቸኝም። ይህ ሐሳብ በሚቀጥለው ጉባኤ የመጀመሪያ አጀንዳ ሆኖ ድምፅ እንዲሰጥበት እጠይቃለሁ።

ንግግራቸው እዚህ ላይ አበቃ፤ ግድፈቱም በዚህ ተስተካክሏል። የሚቀጥለው ጉባኤ ማክሰኞ ነው።

ሟቿ እናታቸውንና አባታቸውን፣ ባለቤታቸውን፣ የሦስት ዓመት ሴት ልጃቸውን፣ ታላቅ እህታቸውን፣ በጀርባቸው አዝለውት የሮጡትን ታናሽ ወንድማቸውን፣ በሰባት ፌርማታ የሚያነቡትን ልጆችና ያንን አግዳሚ ትተው አልፈዋል። ዕረፍት የማያውቁ ነበሩና ፈጣሪ ነፍሳቸውን በማያስጨንቅ ቦታ ያስቀምጥልን፤ ከተነሱም አይቆጣቸው። ለእናንተም ለእኛም መጽናናትን ይስጠን፤ የዋሸሁትንም ይቅር ይበለኝ።

ማን ማን ነበሩ ብለው ጠይቀውኝ ነበር። ሰብሳቢው፣ ዳቦ ጋጋሪው፣ የመድኃኒት ቤቱ ባለቤት፣ አናጢው፣ ሁለቱ አስተማሪዎች፣ ጡረተኛው ሾፌር፣ አዋላጇ፣ ሦስቱ ነጋዴዎችና የውኃ ቆጣሪ አንባቢው ነበሩ፣ የእኔ ልጅ። ሁሉም ቆመው ሰምተውሻል።